ከግንቡ ጀርባ ያለው እቶን፦ ጥንታዊ የኖራ ማቃጠያዎችና የጥበቃቸው ጥያቄ

መግቢያ

የጎንደርን የፋሲል ግቢ የሚጎበኝ ሰው ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ግንቦቹ ቅርጽና ስለ ተሠሩበት ዘመን ብዙ ይነገረዋል። ድንጋይን ከድንጋይ አያይዞ ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመታት በላይ ስላቆመው ነጭ ማያያዣ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። ኖራው ከየት መጣ? በምን ማገዶ ተቃጠለ? ያቃጠሉትስ እነማን ነበሩ? እነዚህ ጥያቄዎች እምብዛም አይነሡም። ግንቡ ቅርስ ተብሎ ሲመዘገብ ኖራውን ያስገኘው እቶን ከመዝገቡ ውጭ ይቀራል፤ ስፍራው ይታረሳል፣ ድንጋዩ ለአጥር ይለቀማል፣ አመዱን ዝናብ ያጥበዋል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አንድ ነው፦ የኖራ ማቃጠያ ምድጃ፣ በዚህ ጽሑፍ አጠራር የኖራ እቶን፣ ከግንቡ ተነጥሎ የሚታይ ተራ ፍርስራሽ ሳይሆን የግንቡ አካል ነው። እቶኑን ያላወቀ የጥበቃ ሥራ ግንቡን በምን እንደሚጠግን አያውቅም። ስለዚህ የጥንታዊ ኖራ ማቃጠያዎች ፍለጋ፣ ምዝገባና ጥናት ለወደፊት የሚተው ተጨማሪ ሥራ መሆን የለበትም፤ ከእድሳት ሥራ መቅደም ይገባዋል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከድንጋይ ወደ ኖራ፣ ከኖራ ወደ ድንጋይ

የእቶኑ ሥራ በመርሕ ደረጃ ቀላል ነው። የኖራ ድንጋይ፣ በኬሚስትሪ ስሙ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲግል በውስጡ የታሰረውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። የሚቀረው ካልሲየም ኦክሳይድ፣ ማለትም ውሃ ያልነካው ኖራ ነው። ከ100 ኪሎ ግራም ንጹሕ ድንጋይ የሚገኘው ኖራ 56 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ሲሆን ቀሪው 44 ኪሎ ግራም ጋዝ ሆኖ ይወጣል። በኖራው ላይ ውሃ ሲፈስበት በኃይል ይግላል፣ ያብጣል፣ ይፈረካከሳል። ውሃ የጠጣው ኖራ ከአሸዋ ጋር ተለውሶ በግንብ ላይ ሲውል ደግሞ ያጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ቀስ በቀስ እየመለሰ ይጠነክራል። በእቶኑ ውስጥ የፈረሰው ድንጋይ በግንቡ ውስጥ እንደገና ድንጋይ ይሆናል።

ጥበቡ ያለው ግን በዝርዝሩ ነው። በቂ ሙቀት ያልደረሰው ድንጋይ ውስጡ ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ከልክ በላይ የተቃጠለው ደግሞ ውሃን በዝግታ ስለሚጠጣ፣ ልስኑ ከደረቀ በኋላ በውስጡ እያበጠ ይፈነቅለዋል። ድንጋዩን በተመጣጠነ መጠን መፍለጥ፣ አየር እንዲያልፍ አድርጎ መደርደር፣ እሳቱን ለቀናት ሳያቋርጡ መመገብ፣ ከእሳቱና ከጢሱ ጠባይ ተነሥቶ መቼ እንደ በሰለ መለየት፣ ያለ ቴርሞሜትር ይሠራ የነበረ የሙያ ዕውቀት ነው። ይህ ዕውቀት በጽሑፍ ከመስፈር ይልቅ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ በመሆኑ፣ ሠሪዎቹ ሲያልፉ ዋናው ምስክር ሆኖ የሚቀረው እቶኑ ራሱ ነው።

ክብደቱ ወደ ግማሽ መቀነሱ ለታሪክ ተመራማሪ ሌላም ትርጉም አለው። ሸክም በሰውና በእንስሳ ጀርባ በሚጓጓዝበት አገር፣ ድንጋዩን በተገኘበት ስፍራ አቃጥሎ ኖራውን ብቻ መውሰድ ድካምን ይቀንሳል። በሌላ በኩል ውሃ ያልነካው ኖራ በመንገድ ዝናብ ቢያገኘው ይግላል፣ ይበላሻል፣ ተሸካሚውንም ያቃጥላል። እቶኑም ከድንጋዩ ባላነሰ ማገዶ ይፈልጋል። ስለዚህ እቶን የሚቆምበት ቦታ በድንጋዩ፣ በደኑ፣ በግንባታው ስፍራና በበጋው ወራት መካከል የተደረገ ስሌት ውጤት ነው። የአንድ እቶን መገኛ ሲታወቅ የአንድ ዘመን የመጓጓዣ፣ የደንና የሥራ ሥርዓት ይታወቃል።

የእቶን ረጅም ታሪክ

ሰው ኖራን የተጠቀመው ከጽሕፈት ዘመን በፊት ነው። በዮርዳኖስ ዓይን ጋዛል በተባለው ጥንታዊ መንደር የተገኙት የሰው ምስሎች ከኖራ ልስን የተሠሩ ሲሆን ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ ነበሩት ሰባተኛውና ስምንተኛው ሺህ ዓመታት ይመለሳሉ። ስለ እቶን አሠራር በጽሑፍ ከደረሱን ጥንታዊ መመሪያዎች አንዱ የሮማዊው ካቶ ነው። ካቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ፣ የኖራ እቶን ስፋቱ 10 ጫማ፣ ቁመቱ 20 ጫማ ሆኖ ወደ አናቱ እየጠበበ 3 ጫማ እንዲደርስ ያዝዛል። አንድ የእርሻ ባለቤት ሊያውቀው የሚገባ ሙያ አድርጎ መቍጠሩ እቶን በዚያ ዘመን ምን ያህል የተለመደ እንደ ነበር ያሳያል።

በጀርመን ኢቨርስሃይም በተባለ ስፍራ በ1960ዎቹ የተገኙት የሮማ ጦር የኖራ እቶኖች ደግሞ ሥራው በመደዳ ምድጃዎች፣ በወታደር ጉልበትና በትእዛዝ ሲከናወን ያሳያሉ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት ሁለት የአሠራር ዓይነቶች ጎን ለጎን ኖረዋል። አንደኛው ተሞልቶ፣ ነድዶ፣ ቀዝቅዞ የሚራገፍና እንደገና የሚሞላ እቶን ነው። ሁለተኛው ድንጋይና ማገዶ ከላይ በተራ እየተነጠፉ፣ የበሰለው ኖራ ከታች እየተዛቀ፣ እሳቱ ሳይጠፋ የሚሠራ ነው። በ1858 ፍሪድሪክ ሆፍማን በስሙ ያስመዘገበው ሦስተኛ ዓይነት እቶን እሳቱ ከክፍል ወደ ክፍል እየተሻገረ እንዲዞር አደረገ። በሰሜን እንግሊዝ በላንግክሊፍ በ1873 የተሠራውና 22 ክፍሎች ያሉት የሆፍማን እቶን ዛሬም ቆሞ ይታያል።

እነዚህን እቶኖች ያስረሳቸው በ1824 በእንግሊዝ ጆሴፍ አስፕዲን የፈቃድ መብት ያገኘበትና ቀስ በቀስ ዓለምን ያዳረሰው ፖርትላንድ ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ፈጥኖ ይጠነክራል፤ በፋብሪካ በገፍ ይመረታል፤ የአቃጣዩን ዓይንና ልምድ አይጠይቅም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የገጠር እቶኖች በየቦታው ሲጠፉ፣ ሙያው ሊጠፋ መሆኑን ያስተዋሉት ጥቂቶች ነበሩ።

የጎንደር ኖራ

ጎንደር የቆመችው በባዛልት፣ ማለትም በእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። ለግንብ የሚሆን ድንጋይ ሞልቷታል፤ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ ግን በእግር ሥር የሚገኝ አይደለም። ይህ የሥነ ምድር እውነታ የከተማዋን የግንባታ ታሪክ ለመረዳት ቁልፍ ነው። በኢትዮጵያ ሰፊ የኖራ ድንጋይ ንጣፍ ያለው እንደ ዓባይ ሸለቆ፣ እንደ መቀሌ አካባቢና እንደ ድሬዳዋ ባሉ ስፍራዎች ነው። የጣና አካባቢ ግንበኞች ከዚያ ሁሉ ርቀት ድንጋይ ያመላልሱ ነበር ብሎ መገመት ይከብዳል፤ በአቅራቢያቸው የሚገኝ ሌላ ምንጭ ያስፈልጋቸው ነበር።

በ1620ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜዳ ስለዚህ ጉዳይ ጠቃሚ መረጃ ትቷል። እንደ እርሱ አገላለጽ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከህንድ የመጣ አንድ ዐዋቂ ሰው ለኖራ የሚሆን ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ በአገሩ ውስጥ አገኘ። ገለጻው ከምንጭ ውሃ እየተጋገረ የሚፈጠረውን የካርቦኔት ድንጋይ ያስታውሳል፤ ይህ ዓይነቱ ድንጋይ በባዛልት አገርም በትንንሽ ክምችት ሊገኝ ይችላል። ከዚህ በኋላ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት በኖራ የተያያዙ ቤተ መንግሥታት፣ አብያተ ክርስቲያናትና ድልድዮች በጣና ዙሪያ በረከቱ። ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን መቀመጫው ሲያደርግ፣ ኖራ የማቃጠል ሥራ ለከተማዋ ግንባታ እንደ ድንጋይ ፈለጣ ሁሉ የማይቀር ሆነ።

የአልሜዳን ቃል እንደ መጨረሻ ፍርድ መውሰድ ግን አይገባም። ጸሐፊው የውጭ ሰው ነው፤ የሚያደንቀውንም ነገር ከውጭ ከመጣ ሰው ጋር ለማያያዝ ዝንባሌ ሊኖረው ይችላል። እዚህ ላይ የእንፍራዙ የጉዛራ ቤተ መንግሥት ጥያቄ ይነሣል። በትውፊት ግንቡ የዐፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597) ነው ይባላል፤ ሆኖም በኖራ የተገነባ ነው። ኖራ የታወቀው በሱስንዮስ ዘመን ከሆነ ዛሬ የሚታየው ግንብ በኋላ ዘመን የተሠራ ወይም የታደሰ መሆን አለበት። ግንቡ በእርግጥ የሠርፀ ድንግል ከሆነ ደግሞ የአልሜዳ ትረካ መታረም አለበት። በተመራማሪዎች መካከል የቆየውን ይህን ክርክር በሰነድ ብቻ መፍታት አስቸጋሪ ነው። መልሱ ያለው በኖራው ውስጥና ኖራው በተቃጠለበት ስፍራ ነው።

እቶን እንደ መዝገብ ቤት

ኖራ ሲጠነክር ከአየር የሚወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግንቡ የተሠራበትን ዘመን አየር ምልክት ይዞ ይቀራል። በዚህ ምክንያት የግንብ ማያያዣ በራዲዮካርቦን ዘዴ ዕድሜው ሊለካ ይችላል። ዘዴው እንቅፋት አለበት፤ በሚገባ ያልበሰለ የኖራ ድንጋይ በድብልቁ ውስጥ ከቀረ፣ ሚሊዮን ዓመታት ያስቈጠረው ካርቦኑ ልኬቱን ያሳስታል። ከማገዶው የተረፈና በኖራው ውስጥ የተቀበረ የከሰል ፍንጣሪም ይለካል፤ እርሱም ቢሆን ዛፉ ከተቆረጠበት ጊዜ ቀደም ያለ ዕድሜ ሊያሳይ ይችላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩና የእቶኑ ወለል ላይ የቀረው ከሰል ሲታከልባቸው ግን ግምቱ እየጠራ ይሄዳል።

የእቶን ፍርስራሽ ከዕድሜ ሌላም ይናገራል። ከሰሉ በአጉሊ መነጽር ሲመረመር የተቃጠለው ዛፍ ወይራ ይሁን፣ ጥድ ይሁን፣ ግራር ይሁን ይለያል፤ ይህም የ17ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር አካባቢ ደን ምን ይመስል እንደ ነበር ያስረዳል። ሳይበስል የቀረው ድንጋይ የምንጩን ማንነት ይገልጻል። የምድጃው ግድግዳ የደረሰበት የመቅላትና የመቅለጥ መጠን የሙቀቱን ደረጃ ያመለክታል። የእቶኖቹ ብዛትና መጠን ደግሞ ስለ ሥራው አደረጃጀት ፍንጭ ይሰጣል፦ ሥራው የአንድ ዘመቻ ያህል ለአንድ ግንብ ተከናውኖ ያበቃ ነበር ወይስ ዓመት ከዓመት የሚዘልቅ ሙያ ነበር?

ከሁሉ በላይ እቶኑ ስማቸው በዜና መዋዕል ያልተጻፈ ሰዎች አሻራ ነው። ዜና መዋዕል የሚያወሳው ግንቡን ያሠራውን ንጉሥ ነው። በጎንደር ግንባታ የቤተ እስራኤል ግንበኞችና የእጅ ባለሙያዎች ድርሻ እንደ ነበራቸው በታሪክ ጥናት ታውቋል፤ እነርሱም እንደ ሌሎች የእጅ ባለሙያዎች ሁሉ በሥራቸው ይፈለጉ እንጂ በማኅበራዊ ደረጃ ይናቁ ነበር። የእጅ ሥራን የናቀ ኅብረተሰብ የእጅ ሥራውን ስፍራ ለመጠበቅ ምክንያት አይታየውም። ዛሬ ግንቡን ብቻ መርጦ እቶኑን መተው ያንን አሮጌ ንቀት በቅርስ ጥበቃ ስም ማስቀጠል ነው።

የመዘንጋት ዋጋ

እቶኑን የመርሳት ጉዳት በንድፈ ሐሳብ ብቻ የሚቀር አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዓመታት በጎንደር ግንቦች ላይ በተካሄደው እድሳት ሲሚንቶና በብረት የተጠናከረ ኮንክሪት ጥቅም ላይ ውሏል። የሁለቱ ማያያዣዎች ጠባይ ግን ይለያያል። ኖራ ለስላሳና እርጥበትን የሚያሳልፍ ነው፤ ግንቡ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ በዝናብ የገባውንም ውሃ በደረቅ ወራት ወደ ውጭ ያስተነፍሳል። ሲሚንቶ ጠንካራና እርጥበትን የሚያግድ በመሆኑ ውሃውን በግንቡ ውስጥ ያስቀረዋል፤ ጨውም ያመጣል፤ ጉዳቱ ከማያያዣው ወደ ጥንታዊው ድንጋይ ይዞራል። በጥሩ ግንብ ውስጥ ማያያዣው ከድንጋዩ ቀድሞ እንዲያልቅ ይፈለጋል፤ ማያያዣን መተካት ይቻላልና። በሲሚንቶ የተጠገነ አሮጌ ግንብ ግን የሚያልቀው ድንጋዩ ነው። በኋላ የመጡ የጥበቃ ሥራዎች ወደ ኖራ መመለስን የመረጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ «ኖራ እንጠቀም» ማለት ብቻውን በቂ መልስ አይሆንም። ከፋብሪካ የሚገዛ ኖራ ከምን ዓይነት ድንጋይ፣ በምን ሙቀት እንደ ተሠራ ካልታወቀ፣ ከጥንቱ ጋር መስማማቱ ሊረጋገጥ አይችልም። የሸክላ አፈር የተቀላቀለበት ድንጋይ ሲቃጠል የሚሰጠው ኖራ በውሃ ውስጥም የሚጠነክር ሲሆን ከንጹሑ ኖራ የተለየ ጠባይ አለው። ለአሲዳማ እርሻ ማከሚያ የሚቀርበው ኖራ ደግሞ በአብዛኛው ሳይቃጠል የተፈጨ ድንጋይ ስለሆነ ለግንብ አያገለግልም፤ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ራሱ የሙያ ቋንቋው መድከሙን ያሳያል። ከጥንቱ ጋር የሚስማማ ኖራ ለማዘጋጀት የጥንቱን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የጥንቱን ለማወቅ የሚያስችለው ማስረጃ ደግሞ በግንቡና በእቶኑ መካከል ተከፍሎ ተቀምጧል። አንደኛው ማስረጃ በጥበቃ ሥር ሳለ ሌላኛው በማረሻ ሥር ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ

በዚህ ረገድ ሦስት የተለያዩ መንገዶች በአውሮፓ ይታያሉ። የመጀመሪያው ሕንፃውን መጠበቅ ነው። በእንግሊዝ ሰሜናዊ ምሥራቅ ጠረፍ በሊንደስፋርን ደሴት በ1860ዎቹ የተሠሩት ትልልቅ የኖራ እቶኖች የድንጋይ ከሰላቸው ከስኮትላንድ በመርከብ ይመጣ ነበር፤ ኖራውም በመርከብ ይወጣ ነበር። ሥራው ከቆመ በኋላ ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ማኅበር ተረክቧቸው ዛሬ ጎብኚዎች ያዩዋቸዋል። ግንባቸው አልፈረሰም፤ ሆኖም እሳቱ ጠፍቷል፤ ጎብኚው የሚያየው ቅርጹን ነው።

ሁለተኛው መንገድ የኢቨርስሃይም ነው። ከተገኙት የሮማ እቶኖች አንዱ መጠለያ ተሠርቶለት ለሕዝብ ክፍት ሆኗል፤ በስፍራው የተካሄደው የሙከራ ማቃጠልም ጥንታዊው አሠራር ምን ያህል ቀናትና ምን ያህል ሙቀት ይጠይቅ እንደ ነበር ለመረዳት ረድቷል። ስፍራው በ2021 የታችኛው ጀርመን የሮማ ድንበር አካል ሆኖ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የኖራ እቶኑ ከምሽጎቹና ከጦር ሰፈሮቹ ጋር የአንድ ቅርስ አካል ተደርጎ መቈጠሩ ነው። ለጎንደርም ሊታሰብ የሚገባው ይኸው ነው።

ሦስተኛው በስፔን አንዳሉሲያ የሞሮን ዴ ላ ፍሮንቴራ ልምድ ነው። በዚያ ከተማ ሲሚንቶ ሙያውን ባዳከመ ጊዜ፣ የአካባቢው ማኅበረሰብ እቶኖችን አደሰ፣ ሙዚየም አቋቋመ፣ ከአቃጣዮቹ ዕውቀትን ሰበሰበ። ዩኔስኮ በ2011 ይህን ጥረት የማይዳሰሱ ቅርሶችን ለመጠበቅ በአርአያነት ከሚጠቀሱ ተግባራት መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። በዚህ መንገድ የተጠበቀው እቶኑ፣ ሙያውና ባለሙያው በአንድነት ናቸው። ከሦስቱ መንገዶች የተሟላው ይህ ሦስተኛው ነው፤ ሊገኝ የሚችለው ግን ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ብቻ ነው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

በዚህ ሐሳብ ላይ ቢያንስ ሦስት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው የአቅም ጥያቄ ነው፦ የታወቁት ግንቦች ራሳቸው በቂ ጥገና ሳያገኙ ለፈራረሰ ምድጃ ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት አይሆንም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የእቶን ቅኝትና ምዝገባ ከግንብ እድሳት ጋር ሲነጻጸር ወጪው አነስተኛ ነው፤ የሚጠይቀውም በዋናነት የሰው ዕውቀትና ጊዜ ነው። በተሳሳተ ማያያዣ የተሠራን እድሳት አፍርሶ መድገም ግን ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ሁለተኛው የአካባቢ ጥበቃ ጥያቄ ነው። ኖራ ማቃጠል ደን ይበላል፣ ጋዝም ያወጣል። ይህ እውነት ነው፤ ያለፈው ዘመን ኖራ አቃጠላ በደን ላይ ያደረሰው ጫናም የታሪኩ አካል ሆኖ ሊጠና ይገባዋል። ሆኖም እዚህ የሚጠየቀው የገጠር ኖራ ምርትን በስፋት ማስጀመር አይደለም። ለጥበቃ ሥራ የሚያስፈልገው ኖራ ውስን ነው፤ ለሙከራ የሚሠራ አንድ ትንሽ እቶንም በተተከለ ባሕር ዛፍ ወይም በሰብል ተረፈ ምርት ሊሠራ ይችላል።

ሦስተኛው ሕግን የሚመለከት ነው፦ የማገዶ ምድጃ ቅርስ ሊባል ይችላል ወይ? የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. ቅርስን ሲተረጕም የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት የሆነውን፣ በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል፣ በኪነ ጥበብና በእደ ጥበብ ይዘቱ ከፍተኛ ዋጋ ያለውን፣ የሚዳሰሰውንም የማይዳሰሰውንም ያካትታል። በዚህ ትርጕም እቶንን የሚያስወጣ ነገር የለም። በ2003 የወጣው የኒዥኒ ታጊል ቻርተርም የማምረቻና የማቀነባበሪያ ስፍራዎችን በግልጽ የኢንዱስትሪ ቅርስ ውስጥ ያስገባል። ክፍተቱ በአዋጁ ሳይሆን በአተገባበሩና በመመዝገቢያ ልማዱ ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ቅኝት ይቅደም። ፍለጋው በዘፈቀደ ሳይሆን ከሥነ ምድር መነሣት አለበት፤ በጎንደር፣ በእንፍራዝ፣ በጎርጎራና በደንቀዝ ዙሪያ የካርቦኔት ክምችት ያለባቸው ስፍራዎች ተለይተው በእግር መታየት ይኖርባቸዋል። የእቶን ምልክቶች ይታወቃሉ፦ ተዳፋት ተቆፍሮ የተሠራ ክብ ጉድጓድ፣ በእሳት የቀላ ወይም እንደ ብርጭቆ የቀለጠ ግድግዳ፣ የነጣ አፈር፣ ከሰልና አመድ፣ ግማሹ የበሰለ ድንጋይ። ከአርሶ አደሮች ጋር መነጋገርም ያስፈልጋል፤ ማሳው ውስጥ ማረሻው ነጭ አፈር የሚያወጣበትን ቦታ ከባለ ማሳው በላይ የሚያውቅ የለም።

ሁለተኛ፣ ናሙና ይቀመጥ። ከግንቦቹ በራሱ ጊዜ የወደቀ ማያያዣና ልስን በእድሳት ወቅት እንደ ቆሻሻ ከመጣል ይልቅ የተገኘበት ስፍራ ተጽፎበት ሊቀመጥ ይገባል። ከጤነኛ ግንብ ላይ ፈልፍሎ ናሙና መውሰድ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ቃል ይሰብሰብ። ኖራ ያቃጠሉ፣ ያበረዱ፣ የለሰኑ አረጋውያንና የቀድሞ የእድሳት ሠራተኞች የሚያውቁት ነገር በድምፅና በምስል መቀረጽ አለበት። በ1980ዎቹ አጋማሽና በ1991 አብዛኛው የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ወደ እስራኤል ስለ ተሻገረ፣ የግንበኝነት ሙያ ትዝታው በከፊል ዛሬ የሚገኘው በዚያ ነው። የትውልድ መተካካት እየፈጠነ በመሆኑ ይህ ሥራ የቀጠሮ ጊዜ የለውም።

አራተኛ፣ የተገኙት እቶኖች ከሚያገለግሉት ግንብ ጋር ተያይዘው ይመዝገቡ፤ ዙሪያቸውም ከግንባታና ከቁፋሮ ይከለል። ጥልቅ ጉድጓድ ስለሆኑ ለሰውና ለከብት አደጋ እንዳይሆኑ መከለላቸው ለአካባቢው ሕዝብም ይጠቅማል። ማንኛውም የእድሳት ፈቃድ ሲሰጥ፣ የጥንቱ ማያያዣ ምን እንደ ሆነና አዲሱ እንዴት እንደ ተመረጠ የሚያስረዳ ሰነድ አብሮ ቢጠየቅ ብዙ ስሕተት ይቀራል።

አምስተኛ፣ ሙከራው በአዲስ እቶን ይካሄድ። ጥንታዊውን ምድጃ ዳግም ማንደድ በውስጡ ያለውን ማስረጃ ያጠፋል። በዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ወይም በግንባታ ቴክኖሎጂ ማሠልጠኛ የሚሠራ ትንሽ እቶን ግን የሥነ ምድር፣ የኬሚስትሪ፣ የአርኪዮሎጂ፣ የታሪክና የሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎችን በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ሊያሰባስብ ይችላል። ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናት ርእስ ለሚፈልግ ተማሪም፣ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አንዱ ብቻ ለአንድ ጥናት በቂ ነው።

ማጠቃለያ

የኖራ እቶን የሚያምር ቅርስ አይደለም። ዘውድ የለበትም፣ ሥዕል የለበትም፣ ጎብኚ በብዛት አይስብም። ዋጋው ያለው ግንቡ ሊመልሳቸው የማይችላቸውን ጥያቄዎች በመመለሱ ነው፦ የዘመኑን፣ የደኑን፣ የድንጋዩን፣ የሙያውንና የሠራተኛውን። ግንቡን የመጠበቅ ግዴታ አለ ተብሎ ከታመነ፣ ግንቡ በምን እንደ ቆመ የማወቅ ግዴታም አብሮ ይመጣል። የእቶኖቹ ስፍራ በእርሻ፣ በመንገድና በቤት ሥራ ሳይጠፋ፣ ሙያውን የሚያስታውሱት ሰዎችም ሳያልፉ ሊሠራ የሚችለው ሥራ የዛሬው ትውልድ ተመራማሪዎች ድርሻ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ትውልድ ቢፈልግ እንኳ የሚቆፍረው ላያገኝ፣ የሚጠይቀውም ሰው ላይኖረው ይችላል።